«ጊዜያዊ» የሚባለው ቁልፍ

በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከዳይሬክተሩ ጀምሮ እስከ ጽዳት ሠራተኞቹ ድረስ ሁሉም «እትዬ ቁልፍ» ነበር የሚሏት። ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ አንጠልጥላ ስለምትዞር አይደለም፤ እንዲያውም የቤቷን ቁልፍ በሳምንት ሁለቴ ቢሮዋ ረስታ ከደጃፏ የምትመለስ ሴት ናት። የምትጠብቃቸው ቁልፎች ዓይን የማያያቸው፣ እጅ የማይዛቸው ነበሩ።

ሥራ የጀመረችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የመጻሕፍት ካርድ የሚደረደርባቸው የእንጨት መሳቢያዎች ዘንድ። ኮምፒውተሩ መጥቶ መሳቢያዎቹ ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ የእድሜ ጓደኞቿ «ይሄ የልጆች ነገር ነው» እያሉ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዕቃውን የሚተክለውን ባለሙያ ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ለምንድን ነው፣ ይሄን ብነካው ምን ይሆናል እያለች ፋታ ነሣችው። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሲሰናበት፣ ሚስቱ በሦስት ዓመት ያልጠየቀችውን በሦስት ቀን እንደተጠየቀ ለዳይሬክተሩ አመልክቶ ሄደ ይባላል። እንዲህ ሆነና የመረጃ ቋቱ ጠባቂ ሆና ቀረች።

ቁልፍ የተባለው ነገር ይሄ ነው። ማንኛውም ሰው ወይም ማሽን ከመረጃ ቋቱ አንዳች ነገር ለማየት ሲመጣ የሚያሳየው፣ ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት ረጅም ቃል አለ፤ ባለሙያዎቹ ቶከን ይሉታል። ያንን ያሳየ ይገባል። አንተ ማነህ፣ ከየት መጣህ የሚለው የለም። እሷ ቶከን ትሠራለች፣ ትሰጣለች፣ ጊዜው ሲያልፍም ትሰርዛለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው በአንድ ጥቁር የኮምፒውተር መስኮት ውስጥ ሲሆን፣ በመስኮቱ ላይ ሥዕል የለ፣ የሚጫኑት ምልክት የለ፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጻፋል፣ ይላካል፣ ነገሩ ያልቃል። የተሰረዘ ቶከን ደግሞ ተመልሶ አይነሣም።

በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች የማን እንደሆነ ያላወቁትን ቶከን ሲያገኙ ዝም ብለው ይዘጉትና ማን እንደሚጮህ ይጠብቃሉ። ጩኸት ከመጣ ባለቤቱ ታወቀ፤ ካልመጣም ግልግል። እትዬ ቁልፍ ይህን አሠራር እንደ ነውር ነበር የምታየው። እሷ ባለቤቱን ፈልጋ፣ አግኝታ፣ «ልዘጋብህ ነው፣ ምን ትላለህ?» ብላ ሳትጠይቅ አንድም ቁልፍ አትዘጋም። ሰው እየታጠበ ውሃ አይቆረጥበትም ትላለች። ለምን እንዲህ እንደምትጠነቀቅ ሲጠይቋት፣ አንድ እንግዳ ባለሙያ የሕፃናት ክፍሉን ስክሪን ሳይጠይቅ ዘግቶ አርባ ሕፃን በአንድ ጊዜ ያስለቀሰበትን ቀን ትተርካለች። ታሪኩ እውነት ነው። ምክንያቷ ግን እሱ አልነበረም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ከበላይ መሥሪያ ቤቱ የተላከ ደብዳቤ ይዘው ጠረጴዛዋ ድረስ መጡ። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሁሉ በአንድ መረብ ሊገናኙ ነውና፣ ባለቤታቸው የማይታወቅ ቶከኖች በሙሉ እስከ ረቡዕ ቀን ስድስት ሰዓት ተሰርዘው ዝርዝራቸው ተፈርሞ ይላክ ይላል። ይህን ያላሟላ ከመረቡ ውጭ ይቀራል። እትዬ ቁልፍ ደብዳቤውን ሁለቴ አንብባ ወደ ጥቁሩ መስኮት ዞረችና ያሉትን ሁሉ እንዲዘረዝር አዘዘችው። አርባ አንድ መስመር ወረደ፤ የቶከኑ ስም፣ የተሠራበት ቀን፣ መጨረሻ የሠራበት ሰዓት፣ በየወሩ ስንቴ እንደገባ።

ዝርዝሩን በወረቀት አውጥታ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ፎቅ ለፎቅ መዞር ጀመረች። ሌላው ሰው ቢሆን ሥራ በዛብኝ ብሎ ያለቅስ ነበር፤ እሷ ግን ደስ ብሏታል፣ የሰው ነገር ማጣራት ከምግብ ይጥማታል። «አትንኩኝ» የሚለው ቶከን የአሳንሰሩ በር ላይ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆኖ ተገኘ። «የእኔ» የሚለውን ሦስት ሰዎች የእኔ ነው የእኔ ነው ብለው ተከራከሩበት፤ በኋላ ሲጣራ ከሦስቱ የአንዳቸውም አልነበረም። የጥገና ክፍሉ ሠራተኛ ደግሞ ለአሥራ አንድ ወር ሲፈልገው የኖረ አንድ ማሽን ከመጋረጃ ጀርባ አቧራ ለብሶ ሲሠራ አገኘችለትና መርቋት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ጉድ ሠራች። «አሮጌው» የሚል ቶከን አለ፤ መቼም ይሄ የድሮው ካታሎግ ማሽን ነው፣ ማሽኑም ከተጣለ ቆይቷል ብላ የስረዛ ትእዛዙን ጻፈችና ላከች። ወዲያው ጥቁሩ መስኮት «መግባት አልተፈቀደልዎትም» አላት። ደግማ ብትሞክር ያው ነው። ለካ የዘጋችው ራሷ የገባችበትን ነው። ከአርባ አንዱ መካከል ባለቤቱን ሳትጠይቅ የዘጋችው አንዱን ብቻ ነበር፣ እሱም የራሷ ሆነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወጥታ እያፈረች ተናገረች። ሰውየው ከካዝና ውስጥ የታሸገውን መጠባበቂያ ቁልፍ አውጥተው እየሰጧት ከት ብለው ሳቁ።

«እርስዎም ሳይጠይቁ ይዘጋሉ ማለት ነው?» አሏት።

አብራቸው ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙም አልሄደም፣ እንደጀመረ ተቋረጠ። ዳይሬክተሩም የተናገሩት ነገር ምን እንደነካ የገባቸው በሩን ዘግታ ከወጣች በኋላ ነበር።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አርባዎቹ ባለቤት ባለቤታቸው ታውቆ ገሚሱ ተዘግቶ፣ ገሚሱ ስም ተጽፎለት አለቀ። አንድ ብቻ ቀረ። ስሙ «ጊዜያዊ» ይላል። የተሠራው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። የባለቤት ስም የለውም፣ የሚያበቃበት ቀን አልተጻፈለትም፣ የሠላሳ ሺህ አንባቢዎችን መዝገብ እንዲያይ ተፈቅዶለታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ኮምፒውተር ላይ አይሠራም፤ እዚያ ሲሮጡ የታጠቁት ነው ዕድሜ ልክ የሚኖረው። ከሁሉ የገረማት ግን መጨረሻ የሠራበት ሰዓት ነበር። ዛሬ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር። ትናንትም አንድ ሰዓት ከአሥር። ከትናንት ወዲያም እንዲሁ።

ወደ በሩ ወርዳ ዘበኛውን፣ «ጋሼ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ማነው የሚገባው?» ስትል ጠየቀቻቸው። እሳቸው በሩን የሚከፍቱት አንድ ተኩል ላይ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ከድመቷ በቀር ነፍስ ያለው ነገር እንደማይገባ ነገሯት። እንግዲያው የሚመጣው ከውጭ ነው ማለት ነው።

ሕጉን ካየን እዚያው መዝጋት ነበረባት። ግን ነገሩ ከነከናት። በየቀኑ፣ በዓል የለ፣ እሑድ የለ፣ በዚያችው ሰዓት መጥቶ አንዴ ጠይቆ የሚሄደው ማን ይሆን? ደግሞስ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው? መዝገቡ የገባውን እንጂ የጠየቀውን አይጽፍም ነበር። ጥያቄውንም እንዲጽፍ አዘዘችውና ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። በመንገድ ላይ ሁለት ሰው ሰላም ብሏት አላየችም።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። በአንድ ሰዓት ከአሥር አንድ መስመር ተጽፏል። ጥያቄው ሠላሳ ሺውን አልነካም። የፈለገው የአንድ አንባቢ መዝገብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ሁለት ሺህ ሰማንያ ስድስት። ማን ይሆን ይሄ ዕድለኛ ብላ ቁጥሩን ከፈተችው።

የራሷ ስም ነበር።

ክው አለች። በክፍሉ መስኮት ወደ ውጭ አየች፣ ከዚያ ራሷ ባደረገችው አፈረች። በዚህ ዕድሜዬ ማነው የሚሰልለኝ አለች በሆዷ። ሰላይ ቢሆን እንኳ ያሳዝናል፤ ባለፈው ዓመት የተዋሰቻቸው መጻሕፍት ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ መብራት ማማዎች፣ ስለ ብስክሌት አሠራርና ስለ ጨው ማዕድን የሚያወሩ ናቸው። በየሳምንቱ ዓርብ አንድ መጽሐፍ ይዛ ትወጣለች፣ በሚቀጥለው ዓርብ መልሳ ሌላ ትወስዳለች። ይህን ለማወቅ ሰባት ዓመት ሙሉ ማን በጠዋት ይነሣል?

ከዚያ መስመሩን እንደገና፣ አሁን ቀስ ብላ አነበበችው። የሚፈልገውን ነገር ለይቶ በመጠየቅ ፈንታ «ያለውን ሁሉ ስጠኝ» የሚለውን ኮከብ ምልክት አስቀምጧል። ሰነፍ ጠያቂ ነው። የሚመጣለትን መልስ የሚያኖርበት ነገር ደግሞ ስም ይፈልጋል፤ ሰው ሁሉ «መልስ» ወይም «ውጤት» ይለዋል። ይሄኛው «ዱባ» ብሎታል።

እጇ ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ አፏ ላይ አረፈ። ለመልስ ማኖሪያ ዱባ የሚል ስም የሚሰጥ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ታውቃለች። «እንዲህ ያለ ስም አይሰጥም፣ ነገ ሌላ ሰው ሲያነበው ምን ይላል?» እያለች የተቆጣችው እሷ ናት፤ «የምትፈልገውን ብቻ ጠይቅ፣ አትስነፍ» እያለች የጨቀጨቀችውም እሷው። ልጇ ነበር።

ያለ አባት ያሳደገችው አንድ ልጇ ከሰባት ዓመት በፊት በዚሁ ቤተ መጻሕፍት በኮንትራት ተቀጥሮ፣ ዛሬም የሚሠሩበትን ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው። ጠረጴዛው ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ነበር። እናትና ልጅ አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲከራከሩ ይውላሉ፤ የሁለቱን ክርክር ለመስማት ብሎ የሚመጣም ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ልጁ ቶከኑን ለመመረቂያ ጽሑፉ የአንባቢዎች ብዛት ለቸገረው ጓደኛው አዋሰ። ክፋት አልነበረውም፤ ግን አይደረግም። እሷ ማታ ዝርዝሩን ስታይ ደረሰችበት። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ አቀረበችለት፣ ሻይ ቀዳችለት፣ ጎን ለጎን እየሄዱ ሥራ ገቡ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችውም። ከዚያ ደረጃውን ወጥታ ለዳይሬክተሩ ነገረቻቸው። ከእኩለ ቀን በፊት ልጁ ተሰናበተ፤ በስሙ ያሉትን ቶከኖች ሁሉ በዚህ በጥቁሩ መስኮት የሰረዘችውም እሷው ናት። ልጁ ዕቃውን በካርቶን ሰብስቦ ሲወጣ ጠረጴዛዋ ዘንድ ቆመና፣ ሳይቆጣ፣ «እማዬ፣ ቁርስ ላይ ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር» አላት።

ከዚያ በኋላ ሩቅ ሄዶ ሥራ ያዘ። መጀመሪያ በሳምንት፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ በዓመት በዓል መደዋወል ሆነ። ንግግሩም እያጠረ ሄዶ ደኅና ነሽ፣ ደኅና ነህ ላይ ደረሰ። ከአራት ዓመት በፊት ስልኳ ጠፍቶ ቁጥሯን ስትቀይር፣ የእሱም ቁጥር ሲደወልበት አልሠራ ሲል፣ ሁለቱም አንዱ ሌላውን እስኪፈልገው ሲጠብቁ ቀሩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይሄኛው ግን ነቅዞ ነበር። ለሥራ ባልደረቦቿ በየእሑዱ ይደውልልኛል ትላቸዋለች። አዲስ ወሬ እንዳይጎድልባት አንዴ እድገት ሰጥታዋለች፣ አንዴም ጉንፋን አስይዛዋለች።

ሳትጠይቅ የማትዘጋው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው። አርባ ሕፃን ስላለቀሰ አልነበረም።

በስሙ የነበሩትን ስትሰርዝ ስም ያልተጻፈበት አንዱ አምልጧት ኖሯል። ስንት ጊዜ እንደገባ የሚያሳየውን ቁጥር ወደ ኋላ እየሄደች አየችው። በወር ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ፣ ለዓመታት እንዲሁ። አንድ ወር ላይ ግን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። ወሩን አሰበችው። ባለፈው ዓመት ሳንባዋን ታምማ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ የዋለችበት ነው። መጽሐፍ አልተዋሰችም፤ ደኅና መሆኗን በየዓርቡ መጽሐፏ ያውቅ የነበረው ልጇም በቀን አሥር ጊዜ እየመጣ ሲያይ ቆይቷል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ወደ መረጃ ዴስኩ ደውሎ «የመረጃ ቋቷ ሴትዮ አለች?» ብሎ ጠይቆ፣ «ድናለች፣ ከነገ ጀምሮ ትገባለች» ሲሉት ስልኩን ዘጋ ብለው ነግረዋት ነበር። እሷ የአሳታሚ ወኪል ነው ብላ ረስታዋለች። አሁን መሐረቧን አውጥታ መነጽሯን ጠረገች፣ መነጽሩ ግን አልቆሸሸም ነበር።

መዝገቧ ላይ የተጻፈው ስልክ ቁጥር የድሮው ነው። የሠላሳ ሺህ ሰው ቁጥር ስታስተካክል የራሷን ረስታለች። ልጁ በየቀኑ የሚያየው ያንን የሞተ ቁጥር ነው። ስንቴ ደውሎ ይሆን?

ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ከሩብ። እስከ ስድስት ሰዓት ካልዘጋችው ትእዛዝ ጣሰች፤ ከዘጋችው ደግሞ ነገ ጠዋት ልጇ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በዚያችው እጅ። ቁጥሯን ብትቀይር እንኳ የሚያየው ነገ ነው። የሚያስፈልጋት አንድ ጠዋት ብቻ ነበር። ማንም ሳያውቅ ልታደርገው ትችላለች፤ ዝርዝሩ ላይ «ባለቤቱ ታውቋል» ብላ ብትጽፍ ውሸት እንኳ አይደለም፣ የሚመረምራትም የለም። እርሳሷን አነሣች፣ አስቀመጠች። ደግማ አነሣችና አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ደረጃውን ወጣች።

ያኔ ልጇን ያሰናበቱት እኚሁ ዳይሬክተር ናቸው። በሩን ዘግታ ቆማ፣ አንዱ ቶከን እስከ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት እንዲቆይ ፈቃዳቸውን እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ባለቤቱ ታውቆ እንደሆነ ጠየቋት።

«ታውቋል። ልጄ ነው።»

ሰውየው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «በየእሑዱ ይደውልልኛል ይሉ የለም እንዴ? ስልክ ላይ አይነግሩትም?»

«አይደውልልኝም። ከአራት ዓመት ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ስዋሻችሁ ነው የኖርኩት።» ይህን ስትል ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከዚያ የቀረውን ሁሉ፣ ዱባውንም፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም ነገረቻቸው።

ያን ቀን ዳይሬክተሩም ልጁን አስጠርተው ለምን እንዳደረገው ሳይጠይቁት ደብዳቤውን እንደፈረሙ ትዝ ብሏቸው ይሆናል። «ይህን ሳይነግሩኝ ቢተዉት እኮ አላውቅም ነበር» አሏት።

«አያውቁም ነበር» አለች። «ያኔ ግን ስለ እሱ ሮጬ መጥቼ ነግሬዎት፣ ዛሬ ስለ ራሴ ብደብቅ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ሰውየው ወረቀት ሳቡና ለበላይ መሥሪያ ቤቱ ጻፉ፤ አርባዎቹ ተጠናቀዋል፣ የአንዱ ባለቤት ስለታወቀ በእኔ ኃላፊነት ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ፈረሙበት። ግን ቶከኑ አሁኑኑ እንዲጠብ ተደርጎ ከእሷ መዝገብ በቀር የማንንም እንዳያይ ይሁን አሉ። እሷም ይህንኑ ልትላቸው ነበር። ከበሩ ስትደርስ ደግሞ ጠሯትና፣ ከሁለት ሰዓት አንድ ደቂቃ ቢያልፍ እሳቸውም እሷም ችግር ላይ እንደሚወድቁ ነገሯት።

ወርዳ ቶከኑን አጠበበችው። ስልክ ቁጥሯን አስተካከለች። በእያንዳንዱ አንባቢ መዝገብ ላይ ደግሞ፣ ገጽ ቀደደ፣ መጽሐፍ አዘገየ እየተባለ የሚጻፍበት «ማስታወሻ» የሚል ቦታ አለ። የሷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ ነበር። እዚያ ላይ ጻፈች። ጽፋ አጠፋች። እንደ ደብዳቤ ረዘመባት፣ አጠፋች፤ እንደ ማስታወቂያ ደረቀባት፣ አጠፋች። ምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ይህን ተወች፦

«ያኔ ሳልጠይቅህ ዘጋሁብህ። አሁን እየጠየቅሁህ ነው። ይሄ ቁልፍ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቁጥሬ ተቀይሯል።»

ሐሙስ ዘበኛው ገና በሩን ሳይከፍቱ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። እሳቸውም ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ከሰዓቱ በፊት ከፈቱላት። ስልኳን ከጥቁሩ መስኮት ጎን አስቀምጣ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ከአምስት። አንድ ሰዓት ከስምንት። ልክ በአሥር ላይ መስመሩ ተጻፈ፤ ኮከቡም፣ ዱባውም አለ። እንደ ወትሮው አንዴ ጠይቆ ሄደ። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

አንድ ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ እንደገና መጣ። ከአሥራ አምስት ላይ እንደገና። ይህኛው በራሱ የሚሠራው ፕሮግራም ሳይሆን የሰው እጅ እንደሆነ አወቀች፤ ሰዓቱ ያልተስተካከለ ነው። ሃያ ላይ፣ ሃያ ሁለት ላይ፣ ሠላሳ አንድ ላይ። ያነበዋል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ያነበዋል። ስልኩ ግን ዝም ነው። ድምፁ ተከፍቶ እንደሆነ ሁለቴ አየችው፤ ተከፍቷል። ምን እያሰበ ይሆን? አላመነ ይሆን? ተቆጥቶ ይሆን? የሆነ ሰው ወጥመድ ያጠመደበት መስሎት ይሆን? እሷ ብትሆን ምን ታስብ ነበር?

አርባ አምስት ላይ መጣ። ሃምሳ ሁለት ላይ መጣ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የስረዛ ትእዛዙን ጽፋ እጇን አነሣች። አንድ ደቂቃ ብትጨምር የሚያውቅ ስለሌለ ልትጨምር ፈልጋ ነበር፤ አምርራ ነው የፈለገችው። የግድግዳው ሰዓት ሁለት ሆነ። ላከችው። መስኮቱ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው። «ጊዜያዊ ተሰርዟል» አለ።

ልክ በዚያው ደቂቃ አንድ መስመር ተጻፈ፤ ከውጭ የመጣ ጥያቄ፣ መግባት አልተፈቀደለትም። ከዚያ ሌላ አልመጣም። ጥቁሩ መስኮት ባዶውን ሲብለጨለጭ ብዙ ጊዜ አየችው። እንግዲህ አበቃ ብላ መነጽሯን ስታወልቅ ስልኩ ጮኸ። የማታውቀው ረጅም ቁጥር ነው። አነሣችውና ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«እማዬ» አለ በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው። ድምፁ ጎልምሷል። «ዘጋሽው?»

«ዘጋሁት። ሁለት ሰዓት ሞላ እኮ።»

«አይቻለሁ። ሳይ ነው የቆየሁት። ያን ማስታወሻ ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆንስ ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁለት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ድረስ ክፍት ሆኖ ባገኘው ኖሮ አንቺ መሆንሽን አላምንም ነበር።»

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት፤ በስልኩ አፍ ላይ መዳፏን ጫነች። ስትዘጋጅበት ያደረችው ንግግር፣ ይቅርታውም፣ ማብራሪያውም፣ አንዱም አልመጣላት አለ። የመጣላት አራት ዓመት ሙሉ ማንንም መጠየቅ ያልቻለችው ነገር ነበር።

«ለመሆኑ የት ነህ?» አለችው።

እሱም ክፍሉን፣ መስኮቱን፣ በመስኮቱ በኩል የሚታየውን መንገድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራት ጀመር፤ እሷም መሐል መሐል እያቋረጠች ትጠይቀዋለች።